ማይክሮፊልም ምንድን ነው? የሐይቅ እስጢፋኖስን ወንጌል ቤቴ ቁጭ ብዬ ያየሁበት መንገድ

ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዛችሁ ሐይቅ ከተማን ታገኛላችሁ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እዚያው ነው። እኔ ሴት ስለሆንኩ ወደ ገዳሙ አልገባም። የገዳሙን የጥንት አበምኔት የአቡነ ኢየሱስ ሞዓን ወንጌል ግን ቤቴ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ለዚህ ያበቃኝ ማይክሮፊልም ነው።

ማይክሮፊልም የመጽሐፍ ወይም የጋዜጣ ገጽን በጣም አሳንሶ የሚይዝ የፎቶ ፊልም ነው። አንዷ ገጽ ከክብሪት ቀፎ ታንሳለች። አንድ ጥቅል ፊልም በመቶ የሚቆጠሩ ገጾችን ይይዛል። ትልልቅ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ጥቅሎቹን ቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል ውስጥ ያስቀምጧቸዋል። አንባቢ ሲጠይቅ ጥቅሉ ማንበቢያ ማሽን ላይ ይገባል፣ ብርሃንና ሌንስ ገጹን ያጎሉታል። በቃ።

ስካነር ባለበት ዘመን ይሄ ለምን ይጠቅማል ትሉ ይሆናል። ፊልም ሶፍትዌር አይፈልግም። ብርሃንና ማጉያ ካለ ይነበባል። ከፖሊስተር የተሠራው፣ በደንብ ከተያዘ፣ እስከ 500 ዓመት ይቆያል ተብሎ ይገመታል።

ወደ እኛ ብራና ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። መንበረ ፓትርያርኩ፣ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍት አብረው ሠሩት። ወዲያው አብዮት መጣ፤ ሥራው ግን አልቆመም። 9,000 ያህል ብራናዎች ተነሡ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ እዚያው ሚኒሶታ ሆነው ለብዙ ዓመታት ካታሎጉን አዘጋጁ። ያለ ካታሎግ ያ ሁሉ ፊልም ማንም ምኑ የት እንዳለ የማያውቀው ክምር ይሆን ነበር። ለእኔ ትልቁ ውለታቸው ይሄ ነው።

በዚህ የፊልም ስብስብ ውስጥ የሐይቁ ወንጌል ቁጥሩ 1832 ነው። የተጻፈው እንደ ፈረንጆቹ በ1280 ወይም በ1281 ነው። የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕል አለበት። እኔን ያስደነቀኝ ግን በውስጡ የተጻፈው የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ነው። ከ700 ዓመት በፊት ወሎ ውስጥ መጽሐፋቸውን ቆጥረው የሚመዘግቡ ሰዎች ነበሩ!

ማይክሮፊልም የሚጎድለውም አለ። ብራና ላይ የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል። ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግን ቀዩም ጥቁሩም ግራጫ ይሆናል። አንባቢው ቀዩ የቱ ጋ እንደነበር በቀለሙ መፍዘዝ መገመት አለበት። ስለዚህ ፊልም አለ ተብሎ ብራናው ችላ ሊባል አይገባም። የእርጥበትና የአይጥ ጉዳይ አሁንም የገዳማቱ ጭንቀት ነው።

ማየት ለምትፈልጉ፣ የሚኒሶታው ቤተ መጻሕፍት ብዙዎቹን ፊልሞች ወደ ዲጂታል ቀይሮ ኢንተርኔት ላይ አውጥቷቸዋል። ምዝገባው ነፃ ነው። ስትፈልጉ «ኢ.ኤም.ኤም.ኤል.» (EMML) የሚለውን የዚህን የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ስብስብ ምህጻረ ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ ቁጥሩን አስከትሉ። የሰፈራችሁን ደብር ስምም ሞክሩ።