ኦሜጋ 6 እና ኦሜጋ 3 ምንድን ናቸው? የትንሽ ውሻ ፀጉርና ቆዳ ከምን ይመጣል?

የውሻ ምግብ ከረጢት ፊት ለፊቱን ካያችሁ «ኦሜጋ» የሚለውን አታጡትም። ከጎኑ ፀጉሯ የሚያብረቀርቅ ማልቲዝ ወይም ዮርክሻየር ቴሪየር ቁጭ ብላለች። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ይህን ካበላችኋት ቡቺም እንዲህ ታምራለች። ችግሩ ኦሜጋ አንድ ነገር አለመሆኑ ነው። ሁለት የተለያዩ ወገኖች ናቸው፤ ሥራቸውም ለየቅል ነው። የትኛው እንደጎደለ ሳይታወቅ ዘይት መጨመር ደግሞ ሦስት ኪሎ ለምትመዝን ውሻ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለቱም የቅባት ዓይነቶች ናቸው። የውሻ ሰውነት ብዙ ዓይነት ቅባት ራሱ ይሠራል። እነዚህን ግን ከባዶ ተነሥቶ መሥራት አይችልም፤ ከሚበላው ማግኘት አለበት። ከኦሜጋ 6 ወገን ለቆዳ ዋናው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ነው። ከኦሜጋ 3 ወገን ሦስት ስሞች ታገኛላችሁ፤ ከዕፅዋት የሚመጣው ኤኤልኤ፣ በባሕር ዓሣ ውስጥ የሚገኙት ኢፒኤ እና ዲኤችኤ። መሸምደድ አያስፈልግም። ከረጢቱ ጀርባ ላይ ስታገኟቸው ግን ግር አይበላችሁ።

ነገሩ የታወቀው በአይጥ ነው። ቀድሞ ብዙ ተመራማሪዎች ቅባት ጉልበት ከመስጠትና አንዳንድ ቫይታሚኖችን ከመሸከም ያለፈ ጥቅም የለውም ብለው ያስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆርጅ በር እና ባለቤቱ ሚልድረድ በር አይጦችን ቅባት የሌለበት ምግብ መገቧቸው። የአይጦቹ ቆዳ ተላላጠ፣ ጅራታቸው ቆሰለ፣ እድገታቸው ቆመ፣ በመጨረሻም ሞቱ። በሚቀጥለው ዓመት ባልና ሚስቱ ሊኖሌይክ አሲድ ሲሰጣቸው እንደሚያገግሙ አሳዩ። ውሻም ሲጎድለው ቆዳው ላይ ያስታውቃል። ፀጉሩ ይደርቃል፣ ይደበዝዛል፣ ፎረፎር ይወርደዋል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የቆዳ የላይኛው ሽፋን የሞቱ ሕዋሳት ድርድር ነው። በመካከላቸው ያለውን ክፍተት የሚደፍነው ቅባት ነው፤ ጭቃ ቤት ላይ ምርጊቱ እንደሚሠራው። ሊኖሌይክ አሲድ የዚያ ምርጊት አካል ነው። ሲጎድል ከውስጥ ውኃ ይተንናል፣ ከውጭ ደግሞ ባክቴሪያና አለርጂ የሚያስነሣ ነገር በቀላሉ ይገባል።

ደስ የሚለው፣ ሊኖሌይክ አሲድ ርካሽ ነው። ሳልመን ከሚባለው የባሕር ዓሣ ጋር ምንም አያገናኘውም። ከኑግ ዘይት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ እሱው ነው። የተለመደው የሱፍ አበባ ዘይትም ከግማሽ በላይ ይይዛል። የዶሮ ስብ ወደ አንድ አምስተኛ ይደርሳል። የበሬ ጮማ፣ ቅቤና የኮኮናት ዘይት ግን ጥቂት በመቶ ብቻ ናቸው። ፓልም ዘይት ከአሥር እጅ አንድ ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ አዲስ አበባ ላለ ውሻ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነውና። ከሥጋ ቤት በሚመጣ ሳምባና ጮማ፣ በሩዝና በእንጀራ ፍርፋሪ የሚያድግ ውሻ ቅባት አልጎደለው ይሆናል። ይሄኛው ቅባት ግን ሊጎድለው ይችላል። ጠግቦ እየበላ፣ እየወፈረም፣ ፀጉሩ ገለባ የሚሆነው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ሩዙ ላይ ፓልም ዘይት ጠብ ማድረግም ብዙ አይፈይድም።

ስንት ያስፈልጋል? የአሜሪካ የእንስሳት መኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር፣ በአጭሩ አፍኮ፣ ለአዋቂ ውሻ ዝቅተኛውን ልክ አስቀምጧል። ውኃው ተቀንሶ ከሚቀረው ምግብ 1.1 በመቶ ሊኖሌይክ አሲድ መሆን አለበት። ሦስት ኪሎ የምትመዝን ዮርኪ (ዮርክሻየር ቴሪየር) በቀን 250 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ትፈልጋለች። ሲሰላ በቀን 0.7 ግራም ገደማ ሊኖሌይክ አሲድ ይመጣል። ሩብ የሻይ ማንኪያ የኑግ ዘይት ይህን ይሸፍናል። አዎ፣ ሩብ።

ሙሉ የሻይ ማንኪያ ዘይት 40 ኪሎ ካሎሪ አለው። ለዮርኪዋ ይህ ከቀን ምግቧ ከስድስት እጅ አንዱ ነው። ሠላሳ ኪሎ ለሚመዝን ጀርመን ሼፐርድ ግን ያው ማንኪያ 3 በመቶ አይሞላም። ስለዚህ «አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሩበት» የሚለውን ምክር ስትሰሙ መጀመሪያ ለየትኛው ውሻ እንደተባለ ጠይቁ። በዚያ ላይ ዮርኪና ሚኒየቸር ሽናውዘር ለቆሽት ሕመም ከተጋለጡት ዝርያዎች ናቸው። ቅባት በአንድ ጊዜ ሲበዛባቸው ሊያስታውኩ፣ ሆዳቸውን ሊያማቸው፣ ሐኪም ቤት ሊተኙም ይችላሉ።

ትንሽ ውሻ ሌላም ጠባይ አላት። በኪሎ ሲሰላ ከትልቁ የበለጠ ጉልበት ታቃጥላለች። ዮርኪዋ ለእያንዳንዱ ኪሎዋ 85 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ስትፈልግ፣ ሼፐርዱ 48 ገደማ ይበቃዋል። ሆዷ ግን ጣት የማታህል ናት። የምትጎርሳት ሁሉ ቁም ነገር ያላት መሆን አለባት። በሾርባ የራሰ ሩዝ ሆዷን ይሞላና ሌላውን ቦታ ያሳጣዋል።

የሚጎድለው ደግሞ ኦሜጋ ብቻ አይደለም። ፀጉር 95 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ነው። ያለ በቂ ሥጋ፣ እንቁላል ወይም ዓሣ ምንም ያህል ዘይት ቢጨመር አያምርም። ዚንክም ለቆዳ ወሳኝ ነው። ፉርሽካና ያልተፈተገ እህል የበዛበት ምግብ ደግሞ ዚንኩን አስሮ እንዳይመጠጥ ያደርገዋል። ጥሬ እንቁላል ለፀጉር ጥሩ ነው የሚባለውንም አትስሙ። ጥሬው ነጩ ክፍል ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን አስሮ እንዳይመጠጥ ያደርገዋል፤ ቀቅላችሁ ስጧት።

አሁን ወደ ኦሜጋ 3። ይሄኛው ዋና ሥራው ማብረቅረቅ አይደለም፤ ብግነት (የቆዳ መቅላት፣ ማበጥና መቆጣት) ማብረድ ነው። ኢፒኤና ዲኤችኤ ሰውነት የሚያመርታቸውን የብግነት ኬሚካሎች ለዘብ ያደርጋሉ። በአለርጂ ምክንያት ለሚያሳክከው ውሻ የዓሣ ዘይት ሲጨመርለት የመድኃኒቱን መጠን መቀነስ የሚቻልበት ጊዜ አለ። ብቻውን ግን ማሳከክን ያጠፋል ብላችሁ አትጠብቁ።

«ተልባስ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከተልባ ዘይት ግማሽ ያህሉ ኦሜጋ 3 ነው፤ ግን ኤኤልኤ የሚባለው ዓይነት። የውሻ ሰውነት እሱን ወደ ኢፒኤ የሚቀይረው በጥቂቱ ነው፤ ወደ ዲኤችኤ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ስለዚህ ተልባ የባሕር ዓሣን አይተካም። የዝዋይና የጣና ቆሮሶም ለፕሮቲን ግሩም ነው፤ ቅባቱ ትንሽ ስለሆነ ግን ለዚህ ጉዳይ እምብዛም አይጠቅምም። የሚሻለው ሳርዲን ነው። በውኃ የታሸገ፣ ጨው ያልበዛበት፣ በርበሬ የሌለው ይሁን። በዘይት የታሸገ ከሆነ ዘይቱን አፍስሳችሁ እጠቡት። ለዮርኪ አንዲት ቁራጭ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ብትደርሳት በቂ ነው።

የዓሣ ዘይትና የዓሣ ጉበት ዘይት ደግሞ ለየብቻ ናቸው። የጉበት ዘይት ቫይታሚን ኤ እና ዲ የታጨቀበት ነው። ለትንሽ ውሻ በየቀኑ ቢሰጥ ሊመርዛት ይችላል። ብልቃጡ ላይ «ጉበት» የሚል ካያችሁ መልሱት። ትክክለኛውን የዓሣ ዘይት እንክብል ስትሰጡም ልኩን ከቬት (ከእንስሳት ሐኪም) ተቀበሉ፤ የሰው እንክብል ለሰው ክብደት የተሠራ ነው።

ከረጢቱ ጀርባ

የፊቱን ፎቶ ተዉትና ገልብጡት። በትናንሽ ፊደል የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። የአሜሪካ ምርት ከሆነ ምግቡ የአፍኮን ልክ እንደሚያሟላና ለየትኛው ዕድሜ እንደሆነ ይናገራል፤ ለአዋቂ፣ ለቡችላ ወይም ለሁሉም። ይህ ካለ ሊኖሌይክ አሲዱ፣ ዚንኩና ፕሮቲኑ ቢያንስ ዝቅተኛውን ልክ አልፈዋል ማለት ነው። በእኔ ግምት ለፀጉር ከሚጻፈው ማስታወቂያ ሁሉ ይህች ዓረፍተ ነገር ትበልጣለች። በምትኩ «አልፎ አልፎ ወይም ለተጨማሪነት ብቻ» የሚል ካገኛችሁ ግን ያ መክሰስ ነው። በየቀኑ እሱን ብቻ የምትበላ ውሻ ውሎ አድሮ ይጎድልባታል።

ኦሜጋ 3ን በተመለከተ አፍኮ ለአዋቂ ውሻ ዝቅተኛ ልክ አላወጣም። ለቡችላና ለእርጉዝ ብቻ ነው ያወጣው። ስለዚህ ፊቱ ላይ «ኦሜጋ 3» የሚል ከረጢት ውስጡ ተልባ ብቻ ሊሆን ይችላል። ኢፒኤና ዲኤችኤ በስም ከነመጠናቸው ከተጻፉ፣ ወይም ከመጀመሪያዎቹ ግብዓቶች መካከል የባሕር ዓሣ ካለ፣ ያኔ እመኑት። ደግሞ በአሜሪካ ደንብ «ከሳልመን ጋር» ለማለት 3 በመቶ ሳልመን ይበቃል። «የሳልመን ጣዕም» ከሆነ ከዚያም ያነሰ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ላላችሁም አዲስ አበባ የአሜሪካ ምርት ለምትገዙም ይህ ያው ነው።

የእርጥብና የደረቅ ምግብን ቁጥር እንዳለ አታወዳድሩ። ቆርቆሮው 8 በመቶ ፕሮቲን ቢልም 78 በመቶው ውኃ ከሆነ፣ ውኃው ሲወጣ ፕሮቲኑ 36 በመቶ ይሆናል።

ብዙ ሰው የማያስበው የከረጢቱን መጠን ነው። ዮርኪዋ በቀን 70 ግራም ገደማ ደረቅ ምግብ ትበላለች። 15 ኪሎ ከረጢት ሰባት ወር ይቆይባታል! ዋጋው ያጓጓል፤ ይገባኛል። ግን ኦሜጋ የሚባሉት ቅባቶች ከአየር ጋር ሲገናኙ ቶሎ ይበላሻሉ። በሁለተኛው ሦስተኛው ወር የምትበላው መጀመሪያ የገዛችሁትን ምግብ አይደለም። ለትንሽ ውሻ ሁለት ኪሎው ይሻላል፤ በአንድ ወር ያልቃል። ከነከረጢቱ አጥፋችሁ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት። ተከፍቶ ከሰነበተ ከረጢት በኪሎ እየተመዘነ የሚሸጥ ካጋጠማችሁ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ።

ምግብ የማይፈታው

የምታክ ውሻ ሁሉ ኦሜጋ አልጎደላትም። መጀመሪያ ቁንጫ ፈልጉ። ወገቧና ጭራዋ ሥር የምታክ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። አለርጂ ላለባት ውሻ ጥቂት ንክሻ ይበቃታል። ቁንጫው ካልጠፋ የትኛውም ምግብ አያድናትም። መዳፏን እየላሰች፣ ጆሮዋ እየቆሰለ፣ ዓመቱን ሙሉ ካስቸገራት የምግብ አለርጂም ሊሆን ይችላል። በውሻ ላይ በብዛት የሚታወቁት አስነሺዎች የበሬ ሥጋ፣ ወተት፣ ዶሮና ስንዴ ናቸው። ይህን የሚለየው የደም ምርመራ አይደለም። ቬቱ በሚመርጠው አንድ ምግብ ብቻ ስምንት ሳምንት ማቆየት ነው፤ ከእናንተ ማዕድ ጠብ የምትል ሳትጨመር። ፖሜራኒያን ሳያሳክካት ጎንና ጎኗ እኩል ከተመለጠ ደግሞ የሆርሞን ነገር ሊሆን ስለሚችል ከረጢት መለዋወጡን ትታችሁ ቬት ጋ ሂዱ።

ቤት ለምታበስሉላት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ፤ ቢበስሉም ቢደርቁም። ሦስት ኪሎ ለምትመዝን ውሻ አንድ ራስ ሽንኩርት ብዙ ነው። ወጥ ማለት ደግሞ በአመዛኙ ሽንኩርት ነው፤ ሽሮውም አይቀርለትም። ለእሷ ሥጋውን ቅመም ሳይገባ ለብቻው ቀንሱላት።

ምግብ ስትቀይሩ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ እየቀላቀላችሁ ይሁን፤ አለበለዚያ ተቅማጥ ይከተላል። ከዚያ ጠብቁ። የውሻ ቆዳ የላይኛው ሽፋን በሦስት ሳምንት ገደማ ይታደሳል፤ ፀጉሩ ላይ ለውጥ ለማየት ግን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል። በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ ወደ ሌላ ከረጢት መዝለል ምን እንደሠራ እንዳይታወቅ ያደርጋል። ስምንት ሳምንት አልፎ ምንም ካልተለወጠ የከረጢቱን ጀርባ ፎቶ አንስታችሁ፣ ከዋናው ምግብ ውጪ የምትቀምሰውን ሁሉ በወረቀት ጽፋችሁ ቬቱ ጋ ይዛችሁ ሂዱ።