ዓመታዊ የሳይንስ ትምህርት ዕቅድ ምንድን ነው?

ዓመታዊ ዕቅድ መምህሩ መስከረም ላይ ማስተማር ከመጀመሩ በፊት የሚያዘጋጀው ሰነድ ነው። እዚህ የምናየው በድሬዳዋና በሐረር ላሉ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የሳይንስ መምህራን የሚሆነውን ነው። የዓመቱን ትምህርት በወር፣ በሳምንትና በክፍለ ጊዜ ይደለድላል። ሳምንታዊውና ዕለታዊው ዕቅድ የሚወጡት ከእሱ ነው። የሰንጠረዡ አሠራር ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ትንሽ ይለያያል እንጂ ወር፣ ሳምንት፣ ምዕራፍና ርዕስ፣ የክፍለ ጊዜ ብዛት፣ ዓላማ፣ የማስተማሪያ ዘዴ፣ መርጃ መሣሪያና ምዘና የሚሉት ዓምዶች ከሞላ ጎደል በሁሉም ዘንድ አሉ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ያየዋል፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ይፈርምበታል፣ ከዚያ ፋይል ውስጥ ይገባል።

ብዙ ጊዜ ግን የሚፈረምበት ወረቀት የመጽሐፉ ገጽ ለሳምንታት የተከፋፈለበት ነው። ለታሪክ ወይም ለቋንቋ ትምህርት ይህም ቢሆን ሊያስኬድ ይችላል፣ ለሳይንስ ግን አይበቃም። ሳይንስ ውስጥ የራሳቸውን ጊዜ የሚጠይቁ ነገሮች አሉ፦ ዘር ለመብቀል ሳምንት ይፈልጋል፣ የኖራ ውሃ ለመጥለል አንድ ሌሊት ያስፈልገዋል፣ የፀሐይ ጥላ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ካልተለካ ትርጉም አይሰጥም። ጥሩ ዓመታዊ ዕቅድ መጀመሪያ እነዚህን በቀን መቁጠሪያው ላይ ያስቀምጥና የመጽሐፉን ርዕሶች በዙሪያቸው ይደረድራል።

በአሁኑ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ይባላሉ። ቀድሞ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ተብለው በየፊናቸው ይሰጡ የነበሩት ትምህርቶች አጠቃላይ ሳይንስ በሚል አንድ ትምህርት ተጠቃለዋል። በዚህ የተነሳ አንድ መምህር ስለ ቁስ አካል፣ ስለ ድብልቅና ውህድ፣ ስለ ሕዋስ፣ ስለ ሰው አካል፣ ስለ ሥነ ምህዳርና ስለ ሥርዓተ ፀሐይ በተከታታይ ያስተምራል። በባዮሎጂ የሠለጠነ ሰው ለፊዚክሱ ክፍል ተጨማሪ የዝግጅት ቀን እንደሚያስፈልገው ከወዲሁ አውቆ ዕቅዱ ውስጥ ማስገባት አለበት።

መነሻው ቆጠራ ነው። በሳምንት 4 ክፍለ ጊዜ አለ፣ ሁለቱ መንፈቀ ዓመታትም እያንዳንዳቸው 18 ሳምንት ናቸው እንበል። 36 ሳምንት በ4 ሲባዛ 144 ክፍለ ጊዜ ይሆናል። በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ ሳምንት ለአጋማሽ፣ አንድ ሳምንት ለማጠቃለያ ፈተና ሲያዝ 16 ይቀነሳል፣ 128 ይቀራል። ገና፣ ጥምቀት፣ ዓድዋ፣ ስቅለት፣ የላብ አደሮች ቀን፣ የአርበኞች ቀን፣ ዒድ አል ፈጥርና አረፋ ሁሉም በትምህርት ቀን ላይውሉ ይችላሉ፤ ለጥንቃቄ ግን 8 ክፍለ ጊዜ ይቀነስ። 120 ቀረ። ከዚህ 12ቱ መጠባበቂያ ይሁኑ፣ 6ቱ በመጀመሪያው 6ቱ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት። መጠባበቂያውን በሙሉ ሰኔ ላይ ማከማቸት ትልቅ ስህተት ነው፤ ኅዳር ላይ የተፈጠረ መዘግየት ሰኔ ላይ አይካካስም። እንግዲህ በእውነት የሚሠራበት 108 ክፍለ ጊዜ ነው። መርሐ ትምህርቱ ለየምዕራፉ የሰጠው ድምር ከዚህ ከበለጠ ከሁሉም ምዕራፍ እኩል መቀነስ አያስፈልግም። ተማሪው አንብቦ ሊረዳው ከሚችለው ገለጻ ይቀነስ፣ ሙከራዎቹ ግን አይነኩ።

የዓመታዊ ዕቅድን ጥቅም ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው የጥላ ልኬት ነው። የመሬትና የፀሐይ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ መጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ይመጣል፣ መምህሩም ግንቦት ላይ በሥዕል ያስተምረዋል። ልኬቱ መስከረም ላይ ቢጀመር ግን ተማሪው ምዕራፉ ጋ ሲደርስ የራሱን መረጃ በእጁ ይዞ ይደርሳል። የሚያስፈልገው አንድ ቀጥ ያለ ፌሮ ነው። ፌሮው በቀለም ቆርቆሮ ውስጥ በሲሚንቶ ይቆማል፣ ጫፉ ከመሬት ልክ 1 ሜትር ከፍ እንዲል ተደርጎ ይቆረጣል፤ ቁመቱ ከቆርቆሮው አፍ ሳይሆን ቆርቆሮው ካረፈበት ወለል ይለካ። የሚቀመጥበት ቦታ እንደ ሰንደቅ ዓላማው ሥር ያለው ሊሾ ለጥ ያለና በቀለም ምልክት የተደረገበት ይሁን።

ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። መስከረም 13 አካባቢ እኩለ ቀን ላይ የ1 ሜትሩ ፌሮ ጥላ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ታኅሣሥ 12 አካባቢ ወደ 65 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። መጋቢት 12 ላይ ተመልሶ 17 ይሆናል። ሚያዝያ 7 አካባቢ ፀሐይ በትክክል አናት ላይ ስለምትሆን ጥላው ይጠፋል። ሐረር ትንሽ ወደ ደቡብ ስላለች እዚያ ጥላው የሚጠፋው አንድ ቀን ያህል ቀደም ብሎ ነው። ሰኔ 14 አካባቢ ጥላው ተመልሶ ይመጣል፣ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚወድቀው ወደ ደቡብ ነው። በበጋ ወደ ሰሜን ሲወድቅ የኖረ ጥላ አቅጣጫውን ሲቀይር በዓይኑ ያየ ልጅ የመሬት ዘንግ ማዘንበልን በቃል ማጥናት አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይበላሻሉ። አንደኛው ሰዓት ነው። በድሬዳዋ የፀሐይ እኩለ ቀን ልክ 6 ሰዓት ላይ አይውልም፤ ሚያዝያ ላይ ከ6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ይሆናል፣ የካቲት ላይ ወደ 6 ሰዓት ተኩል ይጠጋል። ስለዚህ ከ5 ሰዓት ከ50 እስከ 6 ሰዓት ከ40 በየ10 ደቂቃው ጫፉ በጠመኔ ምልክት ይደረግበትና አጭሩ ጥላ ይወሰድ። ሁለተኛው ፌሮው መዝመሙ ነው፤ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢያዘም ልኬቱ በ1.7 ሳንቲ ሜትር ይሳሳታል፣ ድንጋይ የታሰረበት ክር በሁለት ጎን አንጠልጥሎ ማስተያየት ይበቃል። ሦስተኛው ሰዓቱ የጠዋት ፈረቃ የሚወጣበት መሆኑ ነው። ሙሉ ክፍሉን ማቆየት ስለማይቻል በየወሩ ተረኛ የሚሆኑ አራት ተማሪዎች ስማቸው መስከረም ላይ ዕቅዱ ውስጥ ይመዝገብ። የሰኔውን ልኬት 8ኛ ክፍሎች በፈተና ምክንያት ላይደርሱበት ስለሚችሉ ለ7ኛ ክፍል መስጠት ይሻላል።

የመፍላት ነጥብም እንዲሁ አካባቢን ይጠይቃል። መጽሐፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ይላል፤ ይህ በባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የመፍላት ነጥቡ በ1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ውሃ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ከ1,800 ሜትር በላይ ባለችው ሐረር ደግሞ በ94 ገደማ። ይህን ያላወቀ መምህር 96 ያነበበውን ተማሪ «ተሳስተሃል» ይለዋል፤ ልጁ ትክክለኛውን ነገር ለክቶ ሳለ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዓይኑ ይልቅ መጽሐፉን ማመን ይለምዳል። ይህ እንዳይሆን ዕቅዱ ውስጥ የሚጠበቀው ውጤት በቁጥር ይጻፍ። የድሬዳዋና የሐረር ትምህርት ቤቶች ሙከራውን በአንድ ሳምንት ውስጥ አድርገው ውጤት ቢለዋወጡ ደግሞ እጅግ ጥሩ ነው።

ለዚህ ሙከራ 2 ክፍለ ጊዜ ይያዝ። ውሃው ከ100 ሚሊ ሊትር አይብለጥ፤ 250 ከሆነ በአልኮል መብራት እስኪፈላ የክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ሊያልቅ ይችላል። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የዕቃውን ታች ከነካ ንባቡ ከፍ ይላል። የትኩሳት መለኪያ ቴርሞሜትር እስከ 42 ዲግሪ ብቻ ስለሚለካ በፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ ይፈነዳል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል በኤሌክትሪክ ምድጃ ብቻ አይታቀድ። እሳት ያለበት ሙከራ ሁሉ ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይሁን፤ ድሬዳዋ ላይ ግንቦት ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ ማስተማር አይቻልም።

የትነትና የመለየት ሙከራም ለዚሁ ደረቅ ወቅት ይመቻል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨውና ሁለት ማንኪያ አሸዋ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበጠበጣል፣ በነጭ ጨርቅ ይጠለላል፣ ከጠለለው 20 ሚሊ ሊትር ብቻ በዝርግ ሰሃን ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ሁሉንም በኩባያ ካስቀመጡት ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል። አሸዋው ሦስት አራት ጊዜ ካልታጠበ ደለሉ ጨርቁን አልፎ ጨዉን ያቆሽሸዋል።

ከተለመዱት ዓምዶች ላይ አንድ እንዲጨመር አጥብቀን እንመክራለን፦ «ቀድሞ የሚዘጋጅ» የሚል፣ ዝግጅቱ የሚጀመርበት ቀን የሚጻፍበት። ትንፋሽ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መኖሩን ለሚያሳየው የኖራ ውሃ ሙከራ ከአንድ ቀን በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ የቀለም ኖራ በ1 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ በሃይላንድ ጠርሙስ ያድራል፣ በማግስቱ ላዩ ብቻ ቀስ ብሎ ይቀዳል፣ ክዳኑ ጥብቅ ይሁን። ክፍት ከዋለ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ይደክማል። ኖራ ዓይን ስለሚጎዳ በስትሮው የሚነፋው ተማሪ እንዳይስብ፣ ፊቱንም እንዳያስጠጋ አስቀድሞ ይነገረው። ሲነፋበት ወተት ይመስላል፤ ብዙ ከተነፋበት ግን ተመልሶ ይጠራል። ተማሪዎች ይህን ሲያዩ ሙከራው የከሸፈ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ድሬዳዋ በየቤቱ ያለ ነገር ነው፦ የጠራው ውሃ የተሟሟ የካልሲየም ውህድ ይዟል፣ ሲፈላ ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል። የከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወው ነጭ ቅርፊት በዚሁ መንገድ የመጣ ነው። ተማሪዎች ቅርፊቱን ፍቀው ያምጡ፣ ሎሚ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ያወጣል። ለሲሚንቶ ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ የሆነው የአካባቢው የኖራ ድንጋይም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ከተመደበለት ይህ ሁሉ ስለሚባክን 3 ይሰጠው።

ለዘር ማብቀል ቦሎቄው በእርጥብ ጥጥ ላይ ሰኞ ይጀመር። ሐሙስ ከተጀመረ ቅዳሜና እሑድ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ስለማይኖር በድሬዳዋ ሙቀት ጥጡ ይደርቅና ዘሩ ይሞታል። በሐረር ቅዝቃዜ ሁለት ሦስት ቀን ሊዘገይ ስለሚችል ሥሩን የማየት ትምህርቱ አንድ ሳምንት ተኩል ቆይቶ ይመደብ።

የሕዋስ ምዕራፍ የሚበላሸው በሒሳብ ነው። 60 ተማሪና አንድ ማይክሮስኮፕ ባለበት ክፍል እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢያይ 60 ደቂቃ ይሆናል፣ ክፍለ ጊዜው ግን 40 ነው። ስለዚህ ክፍሉ በሦስት ቡድን ተከፍሎ 3 ክፍለ ጊዜ ይመደብ፤ 20ው ሲያይ ሌላው 20 የሽንኩርት ልጣጭ በአዮዲን ያዘጋጃል፣ የቀረው ይሥላል። በመስታወት የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ከሆነ ጠዋት መስኮት አጠገብ ይቀመጥ፣ መስታወቱ ግን በፍጹም ወደ ፀሐይዋ አይዙር።

ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ ያለፈውን ዓመት ዕቅድ መገልበጥ አያዋጣም። በ2018 ዓ.ም. የጀመረው የካቲት ውስጥ ነበር። በእነዚህ ሳምንታት የሚቀመስ ነገር ያለበት ሙከራና ከቤት ውጭ የሚደረግ የከሰዓት ሥራ አይታቀድ። ሐረር ላይ ከዒድ አል ፈጥር ሳምንት በኋላ የሚመጣው፣ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሸዋሊድ በዓልም አለ፤ በዚያ ሳምንት አዲስ ምዕራፍ መጀመር ልፋት ብቻ ነው።

ለሥነ ምህዳር ትምህርት ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ተወዳዳሪ የለውም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ላይ የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው መግደሉን ወላጆች ያስታውሱታል፣ የደጋው ተራራ መራቆትና የጎርፍ ግንኙነትም እዚያው ቆሞ ይታያል። ጉብኝቱ ግን ከኅዳር እስከ ጥር ብቻ ይሁን። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከተማው ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ሳይታሰብ ሊደርስ ይችላል።

ለ8ኛ ክፍል ቆጠራው ይለያል። ክልላዊ ፈተናው ዓመቱ መጨረሻ ላይ ስላለ አዲስ ትምህርት ግንቦት አጋማሽ ላይ ማብቃት አለበት፣ በዚህም 8 ክፍለ ጊዜ ያህል ይቀነስና ወደ 100 ይወርዳል። ክለሳውን በምዕራፍ ቅደም ተከተል ከማድረግ ይልቅ በተከታታይ ምዘናው ብዙ ተማሪ ከወደቀባቸው ርዕሶች ቢጀመር ይሻላል። ለዚህም የየምዘናው ውጤት በርዕስ ተለይቶ ከመጀመሪያው ፈተና አንሥቶ ከዕቅዱ ጀርባ ይመዝገብ።