ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ቤት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። የምሠራውም እንግሊዝ ውስጥ፣ ታማሚዎች ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ቤታቸው እንዲገቡ በሚያመቻች ቡድን ውስጥ ነው። ኢትዮጵያዊ ታማሚ ሲተኛ ቤተሰቡን እንዳነጋግር ይጠሩኛል፤ ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ። የሚያሰለቸኝ የተማረውም ያልተማረውም ያንኑ የተሳሳተ ነገር ይዞ መምጣቱ ነው። አንደኛው በተለይ ሰው እየጎዳ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ። ከቀላሎቹ ልጀምር።

«መንግሥት የመደበውን ገንዘብ ለቤተሰቡ ይሰጣል።» አይሰጥም። በ2022 መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ታማሚዎች ከሆስፒታል ቶሎ እንዲወጡ ለማገዝ ለብርዱ ወራት 500 ሚሊዮን ፓውንድ ሲመደብ 200 ሚሊዮኑ ለአካባቢ ምክር ቤቶች፣ 300 ሚሊዮኑ ደግሞ ለኤን ኤች ኤስ (ለመንግሥት ጤና አገልግሎት) የአካባቢ ቦርዶች ነው የሄደው። በ2023/24 ወደ 600 ሚሊዮን፣ በ2024/25 ወደ 1 ቢሊዮን አደገ፤ ከ2025/26 ጀምሮ ከጤናና ከማኅበራዊ እንክብካቤ የጋራ በጀት ጋር ተቀላቀለ። ገንዘቡ ተንከባካቢ ይቀጠርበታል፣ አልጋና መደገፊያ ይገዛበታል። እናንተ ዘንድ የሚደርሰው ሰውና ዕቃ ሆኖ ነው።

«ሆስፒታሉ ሰው ባስወጣ ቁጥር ጉርሻ ያገኛል።» ገንዘቡ የተከፋፈለው በቀመር ነው፤ በወጣ ሰው ቁጥር የሚታሰብ ጉርሻ የለም።

«የመኖሪያ ፈቃዳችንን ያበላሽብናል።» ምክር ቤቱ በ2014ቱ የእንክብካቤ ሕግ መሠረት የሚሰጠው ድጋፍ፣ ለኢሚግሬሽን ጉዳይ «የሕዝብ ገንዘብ» ተብለው ከተዘረዘሩት ውስጥ አይገባም። የጥሬ ገንዘብ ድጎማ ማመልከት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን አስቀድማችሁ የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

«የእናታችንን ቤት ይወስዱባታል።» ሰው እንደገና ራሱን ችሎ እንዲንቀሳቀስ የሚረዳው ሪኤብልመንት የሚባለው እንክብካቤ እስከ 6 ሳምንት ድረስ በነፃ ነው፤ ስለ ባንክ ደብተራችሁ ጥያቄ የለም። እስከ 1,000 ፓውንድ የሚያወጣ የቤት ማስተካከያና መገልገያም በነፃ ነው። ከዚያ በኋላ እንክብካቤው የሚቀጥል ከሆነ ሀብት ይታያል፤ ከ23,250 ፓውንድ በላይ ቁጠባ ያለው ሰው ራሱ ይከፍላል። እንክብካቤውን ያገኘችው እዚያው ቤቷ ውስጥ ከሆነ ግን የምትኖርበት ቤት ዋጋ አይቆጠርም።

«ሳትድን አስወጧት።» ሐኪም መድኃኒቷን ጨርሶ፣ ቁስሏን አይቶ፣ ሆስፒታል የሚያስፈልጋት ሕክምና አብቅቷል ሲል አልጋው ራሱ ጉዳት ይሆናል። በ2007 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ ጤነኛ አረጋውያን 10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ ሲውሉ ከእግራቸው ጡንቻ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ እንዳጡ አሳይቷል። እነዚያ ጤነኞች ነበሩ። በዚያ ላይ ሰው ምን መሥራት እንደሚችል ዎርድ (የሆስፒታሉ የታማሚዎች ክፍል) ውስጥ በደንብ አይታወቅም። ኮሪደሩ ሰፊና ደልዳላ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ደረጃ፣ ምንጣፍና ዝቅ ያለ ሶፋ አለ። ከመጋቢት 2020 ወዲህ መጀመሪያ ወደ ቤት መግባት፣ ግምገማው እዚያ መሆን የአገሪቱ መመሪያ የሆነው ለዚህ ነው።

«የላኩልን ተንከባካቢ ቆማ ታያለች እንጂ አትሠራም።» ሥራዋ እሱ ነው። እናታችሁ ሻይ ሲያፈሉ፣ ሹራባቸውን በራሳቸው ሲለብሱ አጠገባቸው ቆማ መጠበቅ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ስኒውን ሲያነሡ ሮጣችሁ አትንጠቋቸው።

አሁን ወደ ዋናው። «እኛ አለን፤ የማንም እርዳታ አያስፈልገንም።»

ይህን የሚሉት ክፉ ልጆች አይደሉም። ወላጆቻቸውን የሚወዱ፣ «እናቱን ለፈረንጅ ጣላት» መባልን የሚፈሩ ናቸው። የዎርዱ ሠራተኛ ግን ፍቅሩን አይጽፍም፤ «ቤተሰብ አለ፣ ድጋፍ አልፈለጉም» ብሎ ይጽፋል። መመሪያው ሲወጣ ከመቶ ታማሚ 50ው ያለ ተጨማሪ ድጋፍ፣ 45ቱ በድጋፍ ወደ ቤታቸው፣ 4ቱ ወደ ማገገሚያ፣ 1ዱ ብቻ ወደ እንክብካቤ ተቋም እንደሚሄዱ ነበር ግምቱ። ወላጅን መጣል የሚባለው ያ አንዱ ነው። እናንተ በአንድ ዐረፍተ ነገር የምትሰርዙት የ45ቱን ድርሻ ነው፤ እሱ ደግሞ በገዛ ቤታቸው፣ በልጆቻቸው መካከል የሚሰጥ ነው።

ዳሌያቸው ተሰብሮ የተጠገነ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ጨዋና ታታሪ ሰው ነው፤ ነርሷ ስትጠይቀው ደረቱን ነፍቶ «እኛ አለን» አላት። እሱ ሌሊት አውቶቡስ ይነዳል፣ ሚስቱ ጎህ ሳይቀድ ሆቴል ለማጽዳት ትወጣለች፤ ይህን ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም አልተናገረም። ስለዚህ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ መያዣ አልተገጠመም፣ የመቀመጫው ከፍታ አልተለካም። እናቱ ንጋት ላይ ብቻቸውን ተነሡ፤ የያዙት የፎጣ መስቀያ ከግድግዳው ተነቅሎ አብሯቸው ወደቀ። ሆስፒታል ሲመለሱ ያየኋቸው እኔ ነኝ። መራመድ ቀርቶ ለመቆም ፈሩ። መያዣው በነፃ ይገጠም ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የሚመጣ ሰውም ነበር።

ስለዚህ አደራ፣ «ቤት ማን አለ?» ስትባሉ የምትኖሩትን ኑሮ ተናገሩ። ማን በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ሌሊት ማን እንደሚያነሣቸው፣ መኝታው ፎቅ ላይ መሆኑን፣ እናንተም ወገባችሁን የሚያማችሁ ከሆነ እሱን። ሳትለኩ አትምጡ፦ የወንበሩን፣ የአልጋውንና የመጸዳጃውን መቀመጫ ከፍታ ከወለል ጀምሮ ለኩ፤ በስልክ ፎቶ አንሡት። ካልነገራችሁኝ ዕቃውን በግምት ነው የማዘው። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በነፃ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አያቷን ወክላ «አዎ፣ ትችላለች» እንድትል አታድርጉ፤ አያትየዋም በልጅ ፊት ስለ ሽንታቸው አይናገሩም። ወላጁን የሚንከባከብ ልጅም በሕግ ለራሱ ግምገማ የመጠየቅ መብት አለው፤ ከ2022ቱ የጤናና እንክብካቤ ሕግ ወዲህ ሆስፒታሉ የመውጫውን ዕቅድ ሲያወጣ፣ ተገቢ በሆነበት ሁሉ፣ እናንተንም ማሳተፍ አለበት።

ከዎርዱ ሳትወጡ ሦስት ነገር በወረቀት ያዙ፦ የመጀመሪያዋ ተንከባካቢ የምትመጣበትን ቀንና ሰዓት፣ ዕቃው የሚደርስበትን ቀን፣ ሁለቱ ከቀሩ የምትደውሉበትን ስልክ። ቀድማችሁ «አያስፈልገንም» ብላችሁ ወጥታችሁ ከሆነ አልመሸም። ነገ ጠዋት ለምክር ቤታችሁ የአዋቂዎች ማኅበራዊ እንክብካቤ ክፍል ደውሉና ግምገማ ጠይቁ።