ከፍታን መላመድ ምንድን ነው?

ከፍታን መላመድ ማለት፣ ከዝቅተኛ ቦታ ወደ ከፍተኛ ተራራ የወጣ ሰው አካል በዚያ ለሚያገኘው ስስ አየር በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ራሱን የሚያስተካክልበት ተፈጥሯዊ ሂደት ነው። ተራራ የሚወጣም ሆነ በበረዶ ላይ የሚንሸራተት፣ በእግር የሚጓዝም ሆነ በፓራግላይደር የሚበር ሰው ስለ ገመዱ፣ ስለ ጫማውና ስለ አየሩ ጠባይ አብዝቶ ያስባል፤ ይሁን እንጂ ከ2,500 ሜትር በላይ ሲደርስ የጉዞውን መሳካት ብዙ ጊዜ የሚወስነው ይህ ከውጭ የማይታይ ሂደት ነው።

ብዙ ሰዎች በተራራ ላይ ኦክስጅን የሚያጥረው በአየሩ ውስጥ ያለው ድርሻው ስለሚቀንስ ይመስላቸዋል። ድርሻው ግን በባሕር ጠለልም ሆነ በኤቨረስት ጫፍ ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ በባሕር ጠለል 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ የሆነው ግፊት 5,500 ሜትር አካባቢ በግማሽ ይወርዳል፣ 8,849 ሜትር በሚደርሰው የኤቨረስት ጫፍ ደግሞ አንድ ሦስተኛው ብቻ ይቀራል። ኦክስጅንን ከሳምባ ወደ ደም የሚያሻግረው ይኸው ግፊት በመሆኑ፣ ግፊቱ ሲወርድ ደም የሚሸከመው ኦክስጅንም አብሮ ይወርዳል።

የመላመድን ትርጉም ለመረዳት ሁለት ታሪካዊ ክስተቶችን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1875 ሦስት ፈረንሳውያን ዜኒት በተባለ ባሉን ከ8,000 ሜትር በላይ ወጡ፤ ሦስቱም ራሳቸውን ሳቱ፣ ሁለቱ በዚያው ሲሞቱ በሕይወት የተመለሰው ጋስቶን ቲሳንዲየር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1978 ግን ተራራ ወጪዎቹ ራይንሆልድ ሜስነርና ፒተር ሃበለር የታሸገ ኦክስጅን ሳይጠቀሙ በእግራቸው ወጥተው ኤቨረስት ጫፍ ላይ ቆሙ። ባሉኑ በሰዓታት ውስጥ ከመሬት ተነሥቶ እዚያ ደረሰ፤ ተራራ ወጪዎቹ ግን ሰውነታቸውን ለሳምንታት ከከፍታው ጋር ሲያለማምዱ ቆይተው ነበር።

በእነዚያ ሳምንታት በሰውነት ውስጥ የሚከናወነው ነገር አንድ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በአንገት የደም ቧንቧዎች ላይ የሚገኙ ጥቃቅን አካላት የኦክስጅኑን ማነስ ያውቁና ትንፋሽን ያፋጥናሉ፤ ልብም በፍጥነት መምታት ይጀምራል። ነገር ግን ትንፋሽ ሲበዛ ከኦክስጅኑ መግባት ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከመጠን በላይ ይወጣል፤ በዚህ ምክንያት የደም አሲድነት ይቀንስና አንጎል ትንፋሹን መልሶ ይገታዋል። ይህን እገታ የሚያነሡት ኩላሊቶች ናቸው፤ ቢካርቦኔት የተባለውን ንጥረ ነገር በሽንት እያስወገዱ ደሙን ወደ ሚዛኑ ይመልሱታል። ይህ ሥራ ቀናት ይወስዳል፤ በእኔ አስተያየት የመላመድ ዋና አካል እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ስለ ከፍታ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ዘልሎት በቀጥታ ወደ ቀይ የደም ሕዋሳት ይሄዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽንት መብዛቱም ስለዚህ ሊያሳስብ አይገባም፤ እንዲያውም ሰውነት ሥራውን መጀመሩን ያመለክታል።

ቀይ የደም ሕዋሳት ድርሻቸው ዘግይቶ ይመጣል። ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን በሰዓታት ውስጥ ማመንጨት ቢጀምርም፣ በሆርሞኑ ትእዛዝ የሚፈጠሩት አዳዲስ ሕዋሳት ቁጥራቸው የሚጨምረው በሳምንታት ውስጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም የሚወፍረው በአመዛኙ ፈሳሹ ስለሚቀንስ እንጂ ሕዋሳቱ ስለበዙ አይደለም። ሕዋሳት የኦክስጅንን ማነስ እንዴት እንደሚያውቁና ምላሽ እንደሚሰጡ ለደረሱበት ግኝት ዊሊያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሰሜንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ሂደቱ የራሱ ፍጥነት ስላለው የጉዞ ዕቅድ የሚወጣው ለእርሱ እንዲመች ሆኖ ነው። በስፋት የሚሠራበት መመሪያ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደርበት ቦታ ካለፈው ሌሊት ማደሪያ ከ500 ሜትር በላይ እንዳይበልጥ፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም ከፍታ ሳይጨመር አንድ ተጨማሪ ሌሊት በዚያው እንዲታደር ይመክራል። ቁም ነገሩ የሚታደርበት ከፍታ ነው፤ ቀን ከፍ ብሎ ውሎ ማታ ወደ ታች ወርዶ መተኛት በተራራ ወጪዎች ዘንድ የተለመደ አሠራር የሆነው ለዚህ ነው። በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ ይቀንሳል፤ በከፍታ ላይ ደግሞ እየቆመ እየተነሣ ይቆራረጣል። አልኮልና ብዙዎቹ የእንቅልፍ መድኃኒቶች ትንፋሽን ይበልጥ ስለሚያዳክሙ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች አለመውሰድ ይመረጣል።

ሰውነት ሳይላመድ ከፍታው ከቀደመው የከፍታ ሕመም ይመጣል። ቀላሉ ዓይነት ከደረሱ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በራስ ምታት፣ በማቅለሽለሽ፣ በድካምና በማዞር ይጀምራል፤ በዚያው ከፍታ ዕረፍት ሲደረግ በአብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይተዋል። ከባዶቹ ዓይነቶች በሳምባ ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀምና የአንጎል እብጠት ናቸው። በዕረፍት ላይ እያለ እንኳ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው የመጀመሪያው፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገናኘ በቀጥተኛ መስመር መራመድ ያቃተው ወይም የተምታታበት ሰው ደግሞ የሁለተኛው ምልክት እንዳለበት ይቆጠራል፤ ሁለቱም በፍጥነት ሊገድሉ ስለሚችሉ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ ወደ ታች ማውረድ ግድ ነው።

የአካል ብቃት ከዚህ አይጠብቅም። እንዲያውም ጠንካራው ስፖርተኛ እግሩ ስለሚችል ፈጥኖ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ከሚጓዘው ባልደረባው ቀድሞም ሊታመም ይችላል። በዚህ ረገድ ዘመናዊው የተራራ ስፖርት ከድሮው የባሰ ይመስለኛል። በፈረንሳይ አልፕስ ተራሮች ካለችው ከሻሞኒ ከተማ የሚነሣው የኬብል መኪና በ20 ደቂቃ ገደማ ከ1,035 ሜትር ተነሥቶ 3,800 ሜትር አካባቢ ወደሚገኘው ወደ ኤጉይ ዱ ሚዲ ጫፍ ያደርሳል፤ የፓራግላይዲንግ አብራሪም ሞቃት አየር ካነሣው በአንድ ቀትር ብዙ ሺህ ሜትር ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል። ለሰዓታት ቆይቶ ለሚመለሰው ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ እዚያው የሚያድረው ግን የእግር ተጓዡ በቀናት የሚያልፈውን መንገድ ዘልሎታል።

አሲታዞላማይድ የተባለው መድኃኒት ኩላሊት ቢካርቦኔቱን ቶሎ እንዲያስወግድ በማድረግ ሂደቱን ያፋጥናል፤ በሐኪም ምክር መውጣት ከመጀመሩ በፊት ይወሰዳል። ምልክቱን የሚሸፍን ማስታገሻ አይደለም፤ ቢሆንም ያለ ገደብ ለመፍጠን ፈቃድ አይሰጥም።

መላመድ ወሰን አለው። ከ5,500 ሜትር አካባቢ በላይ ሰውነት በዘላቂነት ራሱን መጠበቅ ስለማይችል ክብደትና ጡንቻ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከ8,000 ሜትር በላይ የተላመደ ሰው እንኳ በየሰዓቱ እየተዳከመ ነው። በትውልዶች ብዛት በአንዲስ፣ በቲቤትና በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የሚኖሩ ሕዝቦች ያላቸው ብቃት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ በመሆኑ በጉዞ ዝግጅት አይገኝም። ተጓዡ ያገኘው ግን ወደ ታች ሲወርድ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ በከፍታ ላይ የኖሩ ሰዎች እንኳ ዝቅ ወዳለ ቦታ ሄደው ሰንብተው በፍጥነት ሲመለሱ ሳምባቸው ፈሳሽ የሚይዝበት ጊዜ አለ። ባለፈው ዓመት ትልቅ ተራራ የወጣ ሰውም ዘንድሮ የማደሪያ ዕቅዱን እንደ ጀማሪ ያወጣል።