የዱዓእና የዚክር አዳብ

ዱዓእ አላህን መለመን ነው። ዚክር ደግሞ እሱን በልብም በምላስም ማውሳት ነው። ሰላት ሰዓት አለው፣ ጾም ወር አለው፣ ሐጅ ቦታ አለው። ዚክር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ቁርኣን በሱረቱ አሊ ዒምራን አንቀጽ 191 ላይ የሚያወድሳቸው ሰዎች ቆመውም፣ ተቀምጠውም፣ በጎናቸው ተጋድመውም አላህን የሚያወሱ ናቸው። ስለዚህ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ይችላል። አልጋ ላይ የዋለ ታማሚም ይችላል። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ሰላትና ጾም ቢቀርላትም ዱዓእና ዚክር አይከለከሏትም።

እንዲህ ክፍት ይሁን እንጂ አዳብ (ሥነ ሥርዓት) አለው። የነቢዩ ባልደረባ ፈዷላህ ኢብን ዑበይድ እንዳስተላለፉት፣ አንድ ሰው በሰላቱ ውስጥ አላህን ሳያወድስ፣ በነቢዩም ላይ ሰለዋት (የእዝነትና የሰላም ልመና) ሳያወርድ በቀጥታ ወደ ልመናው ሲገባ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሙት። «ይህ ሰው ተቻኮለ» አሉ። ከዚያም ጠርተው አስተማሩት፦ መጀመሪያ ጌታውን ያወድስ፣ ቀጥሎ ሰለዋት ያውርድ፣ ከዚያ የፈለገውን ይለምን። እኛ እንኳ ትልቅ ሰው ቤት ለጉዳይ ስንሄድ ሰላምታ ሳናቀርብ ጉዳያችንን አንዘረግፍም። ውዱእ (የሰላት ትጥበት) አድርጎ፣ ወደ ቂብላ (ወደ መካ አቅጣጫ) ዞሮ፣ እጅን አንስቶ መለመን የተወደደ ነው፤ እነዚህ ባይሟሉም ግን ዱዓእ ይደረጋል።

ስለ ድምፅም የታወቀ ሐዲስ (ከነቢዩ የተላለፈ ዘገባ) አለ። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ እንደሚነግሩን፣ ሰሓቦች (የነቢዩ ባልደረቦች) ከነቢዩ ጋር ጉዞ ላይ ሳሉ በተክቢር («አላሁ አክበር» በማለት) ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ነቢዩም ለራሳቸው እንዲራሩ መከሯቸው፤ የምትጠሩት የማይሰማ ወይም የራቀ አይደለም፣ ሰሚና ቅርብ ነው አሏቸው። ሱረቱል አዕራፍም በአንቀጽ 55 ጌታችሁን በመተናነስና በድብቅ ለምኑት ይላል። ድምፅ ማጉያ በበዛበት በዚህ ዘመን ይህ ትምህርት ደጋግሞ ሊነገር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ እጅ አነሳሱና ስለ ዐረብኛው አጠራር ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሆድ ውስጥ የሚገባው ነገር ነው። የሐዲስ ሰብሳቢው ኢማም ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ ስለ አንድ መንገደኛ አነሱ። ጉዞው ረዝሟል፤ ጸጉሩ ተንጨባሯል፤ አቧራ ለብሷል። እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «ጌታዬ ሆይ፣ ጌታዬ ሆይ» ይላል። ነገር ግን ምግቡ ሐራም፣ መጠጡ ሐራም፣ ልብሱም ሐራም ነው። ታዲያ በምን ምላሽ ያገኛል? አሉ። መንገደኛ ዱዓው ተቀባይነት አለው ከሚባልላቸው ሰዎች አንዱ ነው። መተናነሱም፣ እጅ ማንሳቱም ሁሉም ተሟልቶለታል። የጎደለው ሐላሉ ብቻ ነው። ሚዛን የሚሰርቅ ነጋዴ ሌሊቱን ሲለምን ቢያድር መጀመሪያ ሚዛኑን ማስተካከል አለበት።

ሌላው ችግር ችኮላ ነው። «ለመንኩ፣ ለመንኩ፣ አልተሰጠኝም» ብሎ መተውን ነቢዩ ከልክለዋል። የተለመነው ነገር ወዲያው ሊሰጥ ይችላል፤ ለአኺራም (ለወዲያኛው ዓለም) ሊቀመጥ ይችላል፤ ወይም በልኩ ክፉ ነገር ይወገድለታል። «ከፈለግክ ማረኝ» እያሉ ማመንታትም አይገባም። አላህን የሚያስገድደው የለምና ሙእሚን (አማኝ) በቁርጠኝነት ይለምናል።

የተመረጡ ጊዜያት አሉ፦ የሌሊቱ የመጨረሻ ሲሶ፣ በአዛን (በሰላት ጥሪ)ና በኢቃማ (ሰላት ሊጀመር ሲል በሚባለው ጥሪ) መካከል፣ ሱጁድ (ግንባርን መሬት ላይ መድፋት) ላይ፣ የዐረፋ ቀን፣ የጁሙዓ ቀን አንዲት ሰዓት። በሩቅ ላለ ወንድም ወይም እህት በሌሉበት ዱዓእ ማድረግም ትልቅ ቦታ አለው። መልአክ «አሚን፣ ላንተም እንዲሁ» ይላል። ሳዑዲ ወይም ዱባይ ያለች ልጅ ለእናቷ ስትደውል «ዱዓእ አድርጊልኝ» የምትለው ይህን ተማምና ነው።

ወደ ዚክር ስንመጣ፣ ከፋጢማ ታሪክ የሚበልጥብኝ የለም። የነቢዩ ልጅ ፋጢማ እህል ከመፍጨት የተነሳ እጇ ተጎዳ። ምርኮኞች መጡ ሲባል ሰምታ አገልጋይ ልትጠይቅ አባቷ ዘንድ ሄደች። ስላላገኘቻቸው ለዓኢሻ ነግራ ተመለሰች። ነቢዩ ማታ መጡ፤ እሷና ባሏ ዐሊ ጋደም ብለው ነበር። ሊነሱ ሲሉ «ባላችሁበት ሁኑ» ብለው በመካከላቸው ተቀመጡ። ዐሊ የእግራቸው ቅዝቃዜ ደረቴ ላይ ተሰማኝ ይላሉ። ከዚያም ስትተኙ 33 ጊዜ ሱብሓነላህ (ጥራት ለአላህ ይሁን)፣ 33 ጊዜ አልሐምዱ ሊላህ (ምስጋና ለአላህ ይሁን)፣ 34 ጊዜ አላሁ አክበር (አላህ ታላቅ ነው) በሉ፤ ከአገልጋይ ይሻላችኋል አሏቸው። ዐሊ ከዚያ ወዲህ ትቼው አላውቅም ብለዋል፤ በሲፊን ጦርነት ሌሊት እንኳ።

ከፈርድ (ግዴታ ከሆነው) ሰላት በኋላም ሦስቱ 33፣ 33 ጊዜ ተብለው መቶኛው በላ ኢላሃ ኢለላህ (ከአላህ በቀር አምላክ የለም) ይሞላል። ነቢዩ የሚቆጥሩት በጣታቸው ነበር። በመቁጠሪያ መቁጠርን ብዙ ዑለማዎች (የሃይማኖት ሊቃውንት) ይፈቅዳሉ፤ ጣት ግን ይበልጣል ይላሉ። ቁጥሩ ሞልቶ ልብ ሌላ ቦታ ከዋለ ግን ዋናው ነገር ቀርቷል።

በሀገራችን ዱዓእና ዚክር የራሳቸው መልክ አላቸው። በወሎ ወዳጃ የሚባል የጋራ ልመና አለ፤ ቡና ተፈልቶ፣ ጫት ቀርቦ፣ ሽማግሌው ይለምናል፣ ጀማው (የተሰበሰበው ሰው) አሚን ይላል። ዱዓው በአማርኛ ይወርዳል፤ ከሰላት ውጭ በገዛ ቋንቋ መለመን ችግር የለውም። በሐረር ደግሞ ከበሮና የእንጨት ማጨብጨቢያ ይዘው በሐረሪ ቋንቋ ዚክሪ ይላሉ። በዚህ ላይ ዑለማዎች አይስማሙም። አንዳንዶች ከነቢዩ ያልተገኘ ሥርዓት ነው ብለው ይተዉታል። ሌሎች ግን «መላእክት የዚክር መጅሊሶችን (ስብሰባዎችን) እየፈለጉ ይዞራሉ» የሚለውን ሐዲስ ይጠቅሳሉ። ክርክሩ ባለበት ቦታ ሁሉ ግን ሁለቱም ወገኖች ጠዋትና ማታ ለብቻ የሚደረገውን ዚክር አጥብቀው ያዝዛሉ።