የካርቦን ዕዳ ምንድን ነው?

በአገራችን ገጠር ብር የቸገረው ገበሬ ማሳውን ለአበዳሪው ይለቅለታል። አበዳሪው በወለዱ ፈንታ መሬቱን እያረሰ ምርቱን ይወስዳል፤ ዋናው ገንዘብ እስኪመለስ ድረስ ባለመሬቱ የራሱን ማሳ ከዳር ቆሞ ያያል። ወለድ አገድ ማለት ይህ ነው። የድኅረ ምረቃ ጥናቴ በባዮፊዩል ላይ ነው፤ ከተክልና ከእንስሳት ተረፈ ምርት በሚሠራ ነዳጅ ማለቴ ነው። ለበዓል ደብረ ብርሃን በሄድኩ ቁጥር “ታዲያ ይህ ነዳጅ ንጹሕ ነው አይደል?” እባላለሁ። መልሱ ያለው መሬቱ ከመታረሱ በፊት በነበረው ታሪክ ውስጥ ነው። ያንን ታሪክ የምንቆጥርበት መለኪያ የካርቦን ዕዳ ይባላል።

የባዮፊዩል ተስፋ ቀላል ሒሳብ ነው። ተክል ሲያድግ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ይወስዳል፤ ነዳጅ ሆኖ ሲቃጠል የወሰደውን ይመልሳል። ቤንዚንና ናፍጣ ግን ለሚሊዮኖች ዓመታት ተቀብሮ የኖረውን ካርቦን አውጥተው አየሩ ላይ ይጨምራሉ። እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ እውነት ነው። ችግሩ፣ መቁጠር የሚጀምረው ዘር ከተዘራበት ቀን መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት እዚያ ቦታ ላይ ደን ቢኖርስ?

ደን ሲመነጠር ወይም ነባር የሣር ምድር ሲታረስ በግንዱ፣ በሥሩና በአፈሩ ውስጥ የተከማቸው ካርቦን ከፊሉ በእሳት፣ ከፊሉ ደግሞ በብስባሴ ወደ አየር ይወጣል። ዋናው ዕዳ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ማሳው የሚሰጠው ነዳጅ ቤንዚንን ተክቶ በየዓመቱ ጥቂት ልቀት ያስቀራል፤ ይህ ደግሞ ክፍያው ነው። ዋናውን ለዓመቱ ክፍያ ስናካፍለው ዕዳው በስንት ዓመት እንደሚያልቅ እናገኛለን።

እ.ኤ.አ. በ2008 ጆሴፍ ፋርጂዮንና ባልደረቦቹ “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት ላይ ይህንን አስልተው አሳተሙ። በብራዚል ሴራዶ የሣርና የቁጥቋጦ ምድር ታርሶ ሸንኮራ አገዳ ቢተከል ዕዳው በ17 ዓመት ያልቃል። በዩናይትድ ስቴትስ መካከለኛ ግዛቶች የሣር መሬት ታርሶ ለኤታኖል (ቤንዚንን ለሚተካ አልኮል) በቆሎ ቢዘራበት 93 ዓመት ይፈጃል፤ ዘንድሮ የተወለደ ሕፃን የመጨረሻውን ክፍያ ለማየት ሽማግሌ መሆን አለበት። በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ረግረጋማ ደን ተጠንፍፎ ለባዮዲዝል (ከዘይት ለሚሠራ፣ ናፍጣን ለሚተካ ነዳጅ) የዘንባባ ዛፍ ሲተከልበት ግን ከ400 ዓመት በላይ ይሆናል። ነዳጁ በሁሉም ቦታ “አረንጓዴ” ነው የሚባለው።

ነገሩን ወደ ሰሜን ሸዋ ላምጣው። መንዝ ላይ ጓሳ አለ። ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ ሥርዓት እየዘጋና እየከፈተ የጠበቀው ከፍተኛ የሣር ምድር ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። አንድ ሰው ተነሥቶ “ሣር ብቻ የበቀለበት ባዶ መሬት ነው፤ ጎመን ዘር ዘርተን ባዮዲዝል እናምርትበት” ቢል (እስካሁን ያለ አላውቅም፤ ምሳሌ ነው) የመጀመሪያው ስሕተቱ “ባዶ” የሚለው ቃል ነው። በብርድ አገር የሞተ ሥርና ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፤ ለዘመናት ከአፈሩ ውስጥ ይጠራቀማል። የጓሳ ሀብት ከዓይን በታች ነው። ማረሻ ሲገባበት አየር ይገባዋል፤ አየር ሲገባው ይበሰብሳል፤ ዕዳው ያኔ ይጀምራል።

ወለድም አለው። ጎመን ዘሩ ዩሪያ ይፈልጋል። ከዩሪያው ጥቂቱ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ከማሳው ያመልጣል፤ ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ገደማ ይበረታል። የሚያመልጠው ጋዝ የዓመቱን ክፍያ ሙሉ በሙሉ ከበላው ዋናው ሳይነካ ይኖራል። ወለድ አገድን ከላይ ያነሣሁት ለዚህ ነው።

በአንጻሩ ዕዳ የሌለበት ባዮፊዩልም አለ። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ ኤታኖል መቀላቀል ስትጀምር፣ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል የሚወጣው ከሞላሰስ፣ ከስኳር ተረፈ ምርት ነበር። ለሞላሰስ ተብሎ ደን አይመነጠርም። ለኤታኖሉ ሲባል አዲስ የአገዳ እርሻ ከተከፈተ ግን ሒሳቡ እንደገና ይጻፋል።

ኩበትስ? ደጋው የኖረው በእርሱ ነው፤ ባዮፊዩል የሚለው ቃል ሳይመጣ እናቶቻችን እበት ጠፍጥፈው ያደርቁ ነበር። ለኩበት የሚመነጠር ደን ስለሌለ መማሪያ መጻሕፍት የካርቦን ዕዳ አይጽፉበትም። እኔ ግን ዕዳ አለበት ባይ ነኝ፤ አበዳሪው ማሳው ነው። ኩበቱ ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ለገብሱ የሚደርሰው፣ ያውም አመዱ ማሳ ላይ ከተበተነ፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ነው። የጎደለው በዩሪያ ይተካል፤ ዩሪያውም የሚሠራው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው።

ባዮጋዝ እዚህ ላይ የሚያጓጓ ነገር ነው። እበቱ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ በታሸገ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፤ ጋዙ ለምድጃ ይሆናል፤ ዝቃጩ ናይትሮጅኑን እንደያዘ ወደ ማሳ ይመለሳል። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 አማራን ጨምሮ በ4 ክልሎች ሲጀመር 14 ሺህ ማብላያዎችን ለመገንባት ያቀደው በዚህ ምክንያት ነበር። ነገር ግን ማብላያው ከተሰነጠቀ የሚያፈሰው የባዮጋዙን ዋና ክፍል፣ ሚቴንን ነው፤ እርሱም በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል ያሞቃል። እበቱን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎችም የሚመቻቸው 35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። በዘመዶቼ ግቢ ያለው ማብላያ በእነዚያ ወራት የሚሰጠው ነበልባል ሽሮ ለማሞቅ እንኳ ይለግማል። አክስቴም ከጓሮው ክምር ኩበት ታመጣለች። ያ ኩበት ክረምቱ እንዳለፈ ጉድጓዱ ውስጥ መግባት የነበረበት እበት ነው።