ቆሽቴን የሚያሳርረው ጥያቄ

ሱሉልታ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ የምሠራ ሐኪም ነኝ። የቆሽት ካንሰር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ቤተሰብ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዞ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም ያው ነው፦ «ስንት ዓመት ሰጡት?» ዓመት የምናድል ይመስል።

ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ልጨርስ።

«በንዴት ነው የመጣበት፣ ቆሽቱ አርሮ።» ይሄ አባባል ነው እንጂ ምርመራ አይደለም። ሲጋራ፣ ለዓመታት የቆየ የቆሽት ሕመምና የዘር ተጋላጭነት ይጠቀሳሉ። ንዴት የለበትም።

«ካንሰር ብረት ከነካው ይሰራጫል።» ቀድሞውኑ ተሰራጭቶ የነበረውን ነው ቢላው ላይ የምታላክኩት። የመዳን ተስፋ ያለው በቀዶ ሕክምና ነው። ችግሩ፣ ከ100 ታማሚ ለዚያ የሚደርሱት ከ15 እስከ 20 ብቻ ናቸው።

«ስቲቭ ጆብስ እኮ ስምንት ዓመት ኖሯል።» በ2003 ታወቀበት፣ በ2011 አረፈ፤ ልክ ናችሁ። የእሱ ግን ሆርሞን ከሚያመነጩት የቆሽት ሕዋሳት የሚነሣ፣ ብዙ ጊዜ በዝግታ የሚያድግ ሌላ ዓይነት ዕጢ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው። አንድ የማውቃቸው አባት አሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ልጆቻቸው «አንድ ዓመት ነው የሰጧቸው» የሚል ወሬ ይዘው ተመለሱ። ማን እንዳለው እስከ ዛሬ አልተጣራም። አራቱ የፈረንጅ ላሞች ተሸጡ። የካንሰር መድኃኒቱ፣ ኬሞውም «ለአንድ ዓመት ምን ያንገላታቸዋል» ተብሎ ሊቀር ነበር። ያን ቀን ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬያለሁ፣ አልጸጸትም።

ሐኪም የሚጠራው ቁጥር የመሀል ቁጥር ነው። ታማሚዎቹን በኖሩት ዕድሜ ልክ እንደ ታክሲ ሰልፍ ደርድሯቸው። መሀል ላይ የቆመው ሰው ነው ቁጥሩ። ከእሱ ወዲያ ግማሹ ሰልፍ አለ! በ2018 የታተመ የፈረንሳይና የካናዳ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ፎልፊሪኖክስ የተባለውን ኬሞ የወሰዱትን ተከታትሏል። የመሀሉ ሰው 54 ወር ኖሯል፤ በቀድሞው መድኃኒት 35 ወር ነበር። በአምስተኛው ዓመት ከ100 ሰው 43ቱ በሕይወት ነበሩ። ደግሞ ይህንን ሰምታችሁ አትፈንጥዙ፤ ለጥናቱ የተመረጡት በደንብ ያገገሙ፣ አቅም ያላቸው ነበሩ።

ስለ እናንተ ሰው ይበልጥ የሚናገረው ፌስታሉ ሥር የተጨማደደው የፓቶሎጂ ወረቀት፣ ማለትም የወጣው ዕጢ ላብራቶሪ ውስጥ ተመርምሮ የተጻፈው ውጤት ነው። ስንት ሊምፍ ኖድ (ንፍፊት) ውስጥ ካንሰር ተገኘ? ምንም፣ ከ1 እስከ 3፣ 4 እና ከዚያ በላይ፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። የተቆረጠው ጠርዝ ከካንሰር ንጹሕ ነው? ዕጢው ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? «ጠርዙ ንጹሕ ነው ተብለናል፣ ድኗል» ብላችሁ ኬሞ እንዳታቋርጡ፤ በዓይን የማይታይ ሕዋስ አምልጦ ሊሆን ይችላል። የኬሞው መጀመሪያ አቅም እስኪመለስ እስከ 12 ሳምንት ቢዘገይ ያን ያህል አይጎዳም። የታዘዘውን ዙር መጨረሱ ነው የሚበልጠው። ሲኤ 19-9 የተባለውን፣ በደም ምርመራ የሚለካውን የካንሰር ጠቋሚም ብቻውን አትመኑት። ቢጫነት ከፍ ያደርገዋል፣ ከ100 ሰው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ደግሞ ከነጭራሹ አያመነጩትም።

ቁጥሩም ጊዜ ባለፈ ቁጥር አብሮ ይለወጣል። በሽታው ከተመለሰ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ሁለቱን የተሻገረ ሰው በቀዶ ሕክምናው ማግስት በተነገረው ቁጥር አይለካም።

አባታችን ኬሞውን ጨርሰው ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ወተት ከጎረቤት እየገዙ ነው፤ እሱ ነው የሚያበሳጫቸው። ባለፈው ሳምንት መጥተው «ዶክተር፣ ጊደር ብገዛስ?» አሉኝ። ጊደር እስክትታለብ ከዓመት በላይ ልታስጠብቅ ትችላለች፤ የጠየቁኝ ስለ ጊደሯ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ለመጋቢት የሲቲ ስካን ቀጠሮ አላቸው። «ይግዙ» አልኳቸው፣ «ቀጠሮውን ግን እንዳይረሱ።»